ያለ መኪና፣ በብስክሌት፦ ለጎጃም ገጠር ቤተሰብ ዝርዝር መመሪያ

ብስክሌት ገዝቶ በሦስት በአራት ወሩ ግድግዳ ላይ የሰቀለ ቤተሰብ በየቀበሌው አለ። ምክንያቱን ስትጠይቁ መልሱ ይመሳሰላል። ጎማው በየሳምንቱ እየተነፈሰ አስቸገረ። የኋላ ቸርኬው (ጎማው የሚቀመጥበት ክብ ብረት) ጠመመ። ልጁ ተረከዙን ሽቦው ውስጥ ከቶ ተጎዳ። ክረምት ገባና ጭቃው አላስኬድ አለ። ሁሉም መላ አላቸው። መላው ግን የሚጀምረው ብስክሌቱ ቤት ሳይገባ ነው።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር እንስማማ። ብስክሌት ሰውና ቀላል ዕቃ ያመላልሳል። ከባዱ ጭነት የአህያዋ ነው። አህያዋን ሸጦ ብስክሌት የገዛ ቤተሰብ ብስክሌቱንም በጭነት ይሰብረዋል፤ ስለዚህ አትሽጧት።

ደረጃ 1፦ መንገዳችሁን መርምሩ

1. ለአንድ ሳምንት ቤተሰቡ የሄደበትን ሁሉ ጻፉ። ማን ሄደ? የት? በእግር ስንት ሰዓት ፈጀ? ምን ተሸክሞ? ትምህርት ቤት፣ ወፍጮ ቤት፣ ገበያ፣ ጤና ጣቢያ፣ ቤተ ክርስቲያን፣ ለቅሶ፣ ምንም አይቅር።

2. ዝርዝሩን ለሦስት ክፈሉት፦ የብስክሌት፣ የአህያ፣ የእግር። በእግር ከግማሽ ሰዓት በታች የሆነውን ለእግር ተዉት። አንድ ሰዓት የሚፈጅ ሜዳማ መንገድ ወደ 5 ኪሎ ሜትር ነው፤ በብስክሌት 20 ወይም 25 ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ትርፉ ያለው እዚህ ላይ ነው።

3. መንገዱን ራሱን ሂዱበትና እዩት። ዳገቱን ባዶ እጃችሁን ስትወጡ ሁለት ጊዜ የምታርፉ ከሆነ፣ ዕቃ ይዛችሁ ብስክሌቱን እየገፋችሁ ነው የምትወጡት። ይህን አስቀድማችሁ እወቁት። በባሕር ዳር ዙሪያ፣ በመራዊና በቆጋ መስኖ አካባቢ ያለው ሜዳ ለብስክሌት የተመቸ ነው። በጮቄ ተራራ ግርጌ ያላችሁ ግን ማርሽ የሌለው ብስክሌት አትግዙ። ከደጀን ወደ አባይ በረሃ የሚወርደውን ቁልቁለት ደግሞ ጭነት ባለው ብስክሌት በፍጹም አትሞክሩት።

4. ብስክሌቱ የማን እንደሚሆን ከመግዛታችሁ በፊት ተነጋገሩ። የእኔ ምክር ይህ ነው፦ በሥራ ቀን በየዕለቱ ሩቅ ለሚሄደው ይሰጥ። ብዙ ጊዜ ይህ ሁለተኛ ደረጃ የሚማረው ልጅ ወይም የምትማረው ልጅ ናት። በገበያ ቀን ደግሞ የእናትየው ይሁን። ይህ ካልተነገረ የቤቱ ጎረምሳ ወስዶ ሲዞርበት ይውላል፤ እናትም በእግሯ ትሄዳለች።

ደረጃ 2፦ ግዢ

ገንዘባችሁ ለሁለት መናኛ ብስክሌት የሚበቃ ከሆነ፣ አንድ ጥሩ ግዙና በተረፈው መሣሪያ ግዙ። ፖምፓ የሌለው ቤት ብስክሌት አለው አይባልም።

1. የጎማውን ቁጥር አንብቡ። ጎኑ ላይ 26 × 1.95 ወይም ሌላ ቁጥር ተጽፎ ታገኛላችሁ። በአቅራቢያችሁ ባለች ከተማ ያ ቁጥር የማይሸጥ ከሆነ ብስክሌቱን ተዉት። ርካሽ ቢሆንም ተዉት።

2. ከፊት ሹካው ላይ ሞላ ያለውን አትምረጡ። ያማረ ይመስላል። ርካሹ ሞላ ግን ክብደት ይጨምራል፣ ቶሎ ይላላል፣ ለጭነትም አይሆንም።

3. አሮጌ ከሆነ ብየዳዎቹን አንድ በአንድ እዩ። በተለይ ከመሪው ሥር ያለውን መጋጠሚያ። ቀለሙ በቀጭን መስመር ከተሰነጠቀ ብረቱም ሳይሰነጠቅ አይቀርም።

4. ጎማውን ከመሬት አንሥታችሁ አሽከርክሩት። ግራና ቀኝ የሚዋልል ከሆነ ቸርኬው ጠሟል። እየተንገራገጨ የሚዞር ከሆነ ኩሽኔታው አልቋል። ሁለቱም ይጠገናሉ፤ ከዋጋው ላይ አስቀንሱ።

5. ሽቦዎቹን በጣት እንደ ክራር ክር መታ መታ አድርጉ። ድምፃቸው ተቀራራቢ መሆን አለበት። አንዱ ደንዘዝ ያለ ድምፅ ከሰጠ ላልቷል።

ደረጃ 3፦ ከመንዳታችሁ በፊት አጥብቁ

አዲስ ብስክሌት ከሱቅ ሲወጣ በደንብ የጠበቀ አይምሰላችሁ። አንድ ቀን ለዚህ መድቡ።

1. የሁለቱን ጎማ ዳዶዎች አጥብቁ። ብዙ ጊዜ 14 ወይም 15 ቁጥር ቁልፍ ይይዛቸዋል።

2. መሪውን ፈትሹ። የፊት ጎማውን በጉልበታችሁ መሐል ያዙና መሪውን ለማዞር ሞክሩ። ከጎማው ተለይቶ ከዞረ የመሪው ብሎን ይጥበቅ።

3. ፔዳሎቹን አጥብቁ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የግራ ፔዳል ጥርሱ የተገላቢጦሽ ነው። ሁለቱም ወደ ብስክሌቱ ፊት ሲዞሩ ይጠብቃሉ፣ ወደ ኋላ ሲዞሩ ይላላሉ። የግራውን እንደ ቀኙ አጠብቃለሁ ብላችሁ በጉልበት ብታዞሩት ጥርሱ ይበላል፤ ከዚያ በኋላ ሙሉውን የፔዳል ክንድ መቀየር ነው።

4. ፍሬኑን እዩ። እጀታው ሲጨበጥ መሪውን መንካት የለበትም። ላስቲኩ የሚይዘው ብረቱን ብቻ ይሁን። ጎማውን የሚነካ ከሆነ በአጭር ጊዜ ይቆርጠዋል።

5. የኮርቻውን ከፍታ ለኩ። ተቀምጣችሁ ተረከዛችሁን ዝቅ ያለው ፔዳል ላይ ስታደርጉ እግራችሁ ቀጥ ይበል። ኮርቻውን አውርዶ ጉልበቱን አጥፎ የሚነዳ ሰው ቶሎ ይደክመዋል፣ ጉልበቱንም ያመዋል።

6. ከመጀመሪያው ጉዞ በኋላ ሁሉንም ድገሙት። ጠጠር መንገድ ያላላዋል።

ደረጃ 4፦ ጭነት

ብስክሌት የሚሰበረው እዚህ ነው። የብዙ ብስክሌቶች የኋላ መጫኛ የተሠራው ለ25 ኪሎ ያህል ነው። አንዳንዱ ላይ ቁጥሩ ታትሞ ይገኛል። አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውሃ ሲሞላ 20 ኪሎ ነው። የ50 ኪሎ ማዳበሪያ ጆንያ ደግሞ የዚህን መጫኛ እጥፍ ይሆናል። ጎረቤት ጭኖ ሲሄድ አይታችሁ ይሆናል። ነገ ሽቦው ሲበጠስ ግን አታዩትም።

ውሃ

1. አንድ ባለ 20 ሊትር መጫኛው አናት ላይ ከምታስቀምጡ፣ ሁለት ባለ 10 ሊትር ግራና ቀኝ አንጠልጥሉ። ክብደቱ ወደ ታች ሲወርድ ብስክሌቱ አይንገዳገድም።

2. እስከ አፉ ሙሉት። ግማሽ የሆነ ጀሪካን ውሃው ውስጡ ይንጣል፤ በየመታጠፊያው ይገፋችኋል።

3. ሁለቱንም እኩል ሙሉ። በአንድ ወገን ብቻ ጀሪካን አንጠልጥላችሁ አትንዱ።

አስተሳሰር

ያረጀ ከመነዳሪ (ጎማው ውስጥ ነፋሱን የሚይዘው ላስቲክ) በሁለት ጣት ስፋት በረጅሙ ቁረጡ። ከየትኛውም ገመድ ይሻላል፤ ተለጥጦ ስለሚይዝ በጠጠር ላይ አይላላም።

1. አንዱን ጫፍ መጫኛው ብረት ላይ ቋጥሩ።
2. እስኪሳሳ ድረስ እየለጠጣችሁ በዕቃው ላይ አሻግሩት። ሳይለጠጥ የታሰረ እንዳልታሰረ ቁጠሩት።
3. በሁለተኛው ዙር መስቀለኛ አድርጉት።
4. የተረፈውን ጫፍ ወደ ውስጥ ሸጉጡ። የተንጠለጠለ ጫፍ ሽቦ ውስጥ ገብቶ ጎማውን ቀጥ ያደርገዋል። ከሁሉም በላይ ይህን ተጠንቀቁ።
5. ብስክሌቱን ይዛችሁ ነቅንቁት። ዕቃው ከመጫኛው ተለይቶ የሚንቀሳቀስ ከሆነ ፍቱና እንደገና እሰሩ።

እህል ወደ ወፍጮ ቤት ስትወስዱ ጆንያውን አትሙሉት። 20 ኪሎ አድርጉና አፉን አጥብቃችሁ እሰሩ፤ ጆንያውን መጫኛው ላይ በቁመቱ አስተኙት። ሲመለስ ዱቄቱ ይሞቃል፣ ይላላል፣ ቅርጹም ይቀየራል። ስለዚህ መመለሻ ላይ አስተሳሰሩን እንደ አዲስ ጀምሩት። እንቁላል በጭድ መሐል በቅርጫት አድርጋችሁ በጀርባ ተሸከሙት። መጫኛ ላይ ከታሰረ ገበያ አይደርስም።

ከተበላሸ

ጭናችሁ ስትቆሙ የኋላ ጎማው መሬቱን በሰፊው ከተጫነና ጎኑ ከወጣ፣ ወይ ነፋሱ አንሷል ወይ ጭነቱ በዝቷል። ንፉት። አሁንም ከወጣ ቀንሱ። መንገድ ላይ ሽቦ ከተበጠሰ የተበጠሰውን ከጎረቤቱ ሽቦ ጋር ጠምዝዛችሁ እሰሩት። ጭነቱን አውርዳችሁ ለሰው አደራ ስጡና ብስክሌቱን እየገፋችሁ ግቡ። በአንድ የተበጠሰ ሽቦ ጭናችሁ ከቀጠላችሁ ሌላውም ይከተላል፣ ቸርኬውም ይጠማል።

ደረጃ 5፦ ልጅ መጫን

ዓመት ያልሞላው ሕፃን ብስክሌት ላይ አይወጣም። በአንቀልባ ታዝሎም ቢሆን አይወጣም። አንገቱ የጠጠሩን ንዝረት አይችልም፣ እናቱ ከወደቀች ደግሞ ሥር የሚሆነው እሱ ነው። ስለዚህ ሕፃን ያለባት እናት ትግፋ ወይም በእግሯ ትሂድ።

ከዚያ በላይ ላለ ልጅ ትልቁ አደጋ ተረከዝ ነው። የልጅ እግር ሽቦ ውስጥ ሲገባ ቆዳውን ይገፍፋል፣ አጥንትም ይሰብራል። መከላከያው ወጪ የለውም።

1. የተሰነጠቀ ቢጫ ጀሪካን ፈልጉ። ሁለቱን ሰፋፊ ጎኖች በቢላ ቁረጡ።
2. የኋላ ጎማውን የላይኛውን ግማሽ የሚሸፍን አድርጋችሁ በግማሽ ጨረቃ ቅርጽ አስተካክሉ። ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት አለስልሱ፤ የተቆረጠ ፕላስቲክ እግር ይቧጥጣል።
3. በጋለ ምስማር ጠርዙን ብሱ።
4. በግራና በቀኝ ከመጫኛው ብረት ጋር በቀጭን ሽቦ እሰሩ። የሽቦው ጫፍ ወደ ውጭ እንዳይወጣ እጠፉት።
5. ጎማውን አሽከርክሩ። የትም ቦታ መንካት የለበትም።

ይኸው ፕላስቲክ ነጠላንና ቀሚስንም ይጠብቃል።

ለእግር ማሳረፊያ ጠንካራ ነገር አብጁለት። ብየዳ ቤት ሁለት አጭር ብረት ግራና ቀኝ ያበይዱላችኋል። ልጁ እንደ ፈረስ አንፈራጥጦ ይቀመጥ፤ ወደ አንድ ጎን አይቀመጥ። መጫኛው ላይ የታጠፈ ጆንያ አንጥፉለት። ካንቀላፋ ወዲያውኑ ውረዱና ግፉ። ሁለት ልጅ አንድ ላይ አትጫኑ፤ አንዱን አድርሳችሁ ተመለሱ፣ ወይም ትልቁ ይራመድ። የራስ ቁር ካገኛችሁ መጀመሪያ ለልጁ ግዙ።

ራሱ ለሚነዳ ልጅ፦ የአባቱን ትልቅ ብስክሌት በብረቱ መሐል እግሩን አሾልኮ እንዲነዳ አትፍቀዱ። ፍሬኑ አይደርስለትም። አስፋልት ላይ ቀኝ ዳሩን ይዞ ይሂድ፣ ከጓደኛው ጋር ጎን ለጎን አይሂድ። ከፊትና ከኋላ አይሱዙ ሲመጣ ከአስፋልቱ ወርዶ ይቁም። ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ ብስክሌቱ ቤት ይሁን።

ደረጃ 6፦ አዋቂን ማስተማር

እናቶች «አሁን በዚህ ዕድሜዬ» ይላሉ። ከኋላ ይዞ እየሮጡ ማስተማር ስለሚያስፈራቸው ነው። እንዲህ አድርጉ፦

1. ሣር ያለበት፣ ወደ ታች ትንሽ ዘንበል ያለ መስክ ምረጡ። ሰው የማይበዛበት ሰዓት ይሁን።
2. ኮርቻውን ሁለቱም እግር መሬት እስኪረግጥ ድረስ አውርዱ። ፔዳሎቹን ፍቱ።
3. በእግሯ መሬቱን እየገፋች ትሂድ። ማንም አይያዛት።
4. እግሯን አንሥታ መስኩን እስክታቋርጥ ድረስ ይደጋገም። ዓይኗ ጎማው ላይ ሳይሆን ሩቅ ይመልከት።
5. ፍሬን መያዝ ታጥና። ሁለቱንም ቀስ አድርጋ። የፊቱን ብቻ በድንገት መያዝ በመሪው ላይ አሻግሮ ይጥላል።
6. አሁን ፔዳሎቹን መልሱ።

ነጠላው ወገብ ላይ ይታሰር፤ ጫፉ ከኋላ አይንጠልጠል። ጭነት የሚጨመረው ባዶውን በአንድ እጅ መንዳት ስትችል ብቻ ነው።

ደረጃ 7፦ የተነፈሰ ጎማ

ጎሚስታ ያለው ከተማ ነው። ከቤታችሁ ከተማ ድረስ ብስክሌት መግፋት ከሰለቻችሁ ይህን ክፍል ደጋግማችሁ አንብቡት። ከቤቱ ቢያንስ ሁለት ሰው ይልመደው፤ አንዷ ልጃገረዷ ትሁን።

ያዘጋጁ፦ ፖምፓ፣ ማስቲሽ፣ ብርጭቆ ወረቀት፣ ያረጀ ከመነዳሪ ቁራጭ፣ መቀስ፣ የዳዶ ቁልፍ፣ እጀታቸው ለስላሳ የሆነ ሁለት የሾርባ ማንኪያዎች፣ ውሃ በሳፋ።

1. ብስክሌቱን ገልብጡ። ጎማውን ፍቱ። የቀረውን ነፋስ አስወጡ።

2. ከነፋስ መሙያው ራቅ ብላችሁ የማንኪያ እጀታ አስገቡና የጎማውን ጠርዝ ወደ ውጭ አውጡ። በሁለተኛው ማንኪያ ቀጥሉ። ቢላና ካቻቢቴ አትጠቀሙ፤ አንዱን ቀዳዳ ልትደፍኑ ስትሉ ሌላ ትበሳላችሁ።

3. ከመነዳሪውን አውጥታችሁ ንፉና ሳፋው ውስጥ እያዞራችሁ ንከሩት። አረፋ የሚወጣበትን ቦታ በእስክሪብቶ በሰፊው ክበቡ። መንገድ ላይ ውሃ ከሌለ ከንፈራችሁ አጠገብ አዙሩት፤ ነፋሱ ይሰማችኋል። ዙሩን ሁሉ ጨርሱ፣ ቀዳዳው ሁለት ሊሆን ይችላል።

4. እሾሁን ፈልጉ። ብዙ ሰው ይህን ይዘልልና በማግስቱ እንደገና ይተነፍስበታል። የጎማውን ውስጥ በጨርቅ ዙሪያውን ጥረጉ። ጨርቁ ከያዘ እሾህ አለ። የግራር እሾህ ጫፍ ከውጭ ተሰብሮ ቀርቶ ከውስጥ እንደ ፀጉር ብቻ ብቅ ሊል ይችላል። ከውጭ አይታይም። ጎማውን ወደ ውጭ አጥፋችሁ በፒንሳ ወይም በጥፍር መቁረጫ ንቀሉት።

5. ከመነዳሪውን አድርቁ። ቀዳዳውን ዙሪያ በብርጭቆ ወረቀት ፈትጉ፤ አንጸባራቂው ሁሉ ጠፍቶ ደብዘዝ ይበል። መለጠፊያውን ቁራጭ ክብ አድርጋችሁ ቁረጡና ፊቱን እንደዚያው ፈትጉ። ማዕዘን ያለው ልጣፊ ከማዕዘኑ ይላቀቃል።

6. ማስቲሹን በስሱ ሁለቱም ላይ ቀቡ። አምስት ደቂቃ ያህል ተዉት። በጣት ጫፍ ስትነኩት የማይከተላችሁ ሲሆን አጣብቁ። ድንጋይ ላይ አድርጋችሁ በማንኪያ ጀርባ ከመሐል ወደ ዳር አጥብቃችሁ ጫኑት።

7. ጥቂት ነፋስ ሙሉት፤ ቅርጹን እንዲይዝ ብቻ። ጎማው ውስጥ አስገቡት። ጠርዙን ከነፋስ መሙያው ተቃራኒ ጀምራችሁ በእጃችሁ መልሱና መሙያው ጋ ጨርሱ። መሙያውን ወደ ውስጥ ገፋ አድርጋችሁ ልቀቁት፤ ከሥሩ የተቆነጠጠ ካለ ይለቃል።

8. ንፉ። አውራ ጣታችሁን አጥብቃችሁ ስትጫኑት እምብዛም የማይገባ ከሆነ በቂ ነው።

ካልያዘ

ልጣፊው ከተላቀቀ ማስቲሹ ሳይደርቅ አጣብቃችኋል ወይም አልፈተጋችሁም። ጎን ለጎን ሁለት ቀጫጭን ቀዳዳ ካገኛችሁ እሾህ አይደለም፤ ነፋሱ አንሶ ከድንጋይ ጋር ሲላተም ቸርኬው የቆነጠጠው ነው። ቀዳዳው በቸርኬው በኩል ከሆነ የሽቦ ጫፍ ወግቶታል። ቸርኬው ላይ፣ ከመነዳሪው በሚያርፍበት በኩል፣ ዙሪያውን የከመነዳሪ ቁራጭ ጠምጥሙበት። ከነፋስ መሙያው ሥር የተቀደደ አይለጠፍም፣ ቀይሩት።

በትልልቆቹ የድሮ ብስክሌቶች የነፋስ መሙያው ውስጥ ትንሽ ላስቲክ አለች። ቀዳዳ ሳይኖር ሌሊት ሌሊት የሚተነፍስ ከሆነ መጀመሪያ እሷን እዩ። ትንሽ ነገር ናት፤ ሁለት ሦስት ገዝታችሁ አስቀምጡ።

መንገድ ላይ ማስቲሽ ከሌላችሁ ቀዳዳው ያለበትን ቦታ ከግራና ከቀኝ አጥፋችሁ በክር ጥብቅ አድርጋችሁ እሰሩትና ንፉ። እየተንቦጫቦጨም ቢሆን ቤት ያደርሳል። ፖምፓም ከሌለ ጎማው ውስጥ ሣር ወይም ጭድ ጠቅጥቁና ግፉት። ባዶ ጎማ ላይ አትንዱ፤ ቸርኬውን ያጣምመዋል።

ደረጃ 8፦ ክረምት

ቀይ አፈር ላይ ያላችሁ በጥንቃቄ መንዳት ትችላላችሁ። ዋልካ ላይ ያላችሁ ግን ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም ዋልካውን በብስክሌት አታሸንፉትም። ጭቃው ጎማውና ሹካው መሐል ይጠቀጠቅና ቀጥ ያደርገዋል።

1. ጠጠር መንገዱ ዳር ያለ ዘመድ ወይም የክርስትና አባት ቤት ለምኑና ብስክሌቱን ለክረምቱ እዚያ አሳድሩ። ከቤት እስከዚያ በእግር፣ ከዚያ በብስክሌት። የማገዶም የእንቁላልም ነገር እያደረሳችሁ ውለታውን መልሱ።

2. የፊት ፓራፋንጎውን ፍቱ። ጭቃ ልብስ ላይ ቢረጭ ይሻላል። ጭቃውን የምትጠርጉበት ጠፍጣፋ እንጨት መጫኛው ላይ እሰሩ።

3. ቸርኬው ሲረጥብ ፍሬን ዘግይቶ ነው የሚይዘው። ከቁልቁለቱ በፊት እጀታውን ቀለል አድርጋችሁ በመያዝ ውሃውን አስጠርጉት።

4. ወንዝ ሞልቶ ከሆነ ጠብቁ። ውሃው ጉልበት ካለፈ በእግርም አትግቡ፣ ብስክሌት ይዛችሁ ደግሞ ይበልጥ ይጥላችኋል።

5. ቤት እንደገባችሁ ካቴናውን በጨርቅ ጥረጉ፣ አድርቁ፣ ከዚያ ጥቂት የሞተር ዘይት አንጠብጥቡ። የተረፈውን ጥረጉ። የኑግ ዘይት አትቀቡ። ሲደርቅ እንደ ሙጫ ይሆንና አቧራ ይሰበስባል።

በበጋም ቢሆን ሳይጠርጉ ዘይት አይጨመርም። አቧራና ዘይት አንድ ላይ ካቴናውን እንደ ሞረድ ይበሉታል።

በዐቢይ ጾም ስለ ጉዞ አንድ ቃል፦ ሳትቀምሱ ረጅም ዳገት በቀትር ፀሐይ አትግፉ። ወፍጮ ቤትና ገበያ ጠዋት በማለዳ ይሁን። የዳገቱ መንገድ ከቅዳሴ በኋላ ከተበላ ወዲያ ይደር።

ደረጃ 9፦ ሕመም ሲመጣ

ምጥ የያዛት እናት፣ ራሱን የሳተ ሰው፣ አጥንቱ የተሰበረ ሰው ብስክሌት ላይ አይጫንም። እዚህ ጊዜ ብስክሌቱ መልእክተኛ ነው። የጤና ጣቢያውንና የጤና ኤክስቴንሽኗን ስልክ ግድግዳ ላይ ጻፉ፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ነው። ኔትወርክ ከሌለ ፈጣኑ ነጂ ወደ ጤና ጣቢያው ይብረር። የቀሩት በሽተኛውን በቃሬዛ ይዘው አምቡላንሱ ወደሚደርስበት መንገድ ይውጡ። ነጂው ከመሄዱ በፊት የት እንደሚገናኙ ይስማሙ።

ለዚህ ሲባል ብስክሌቱ ሲመሽ ጎማው ተነፍቶ ይደር። የሰንሰለቱም ቁልፍ የአባወራው ኪስ ውስጥ ሳይሆን በር አጠገብ ምስማር ላይ፣ ሁሉም የሚያውቀው ቦታ ይሰቀል።